ጄና ኦርቴጋ፦ ከ"ዌንስዴይ" ዳንስ በፊት የነበሩት 10 ዓመታት

ዳንሱን አይታችሁታል። ተከታታይ ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳን ዳንሱን አይቷል። ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ ዓይኗን የማታርገበግብ ልጅ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ እጇን እያወናጨፈች ስትደንስ። በ2022 መጨረሻ ላይ ቲክቶክ ከፍቶ ከዚህ ዳንስ ያመለጠ ሰው ካለ ዳታ አልቆበት ነበር ማለት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።)

"ዌንስዴይ" ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው ኖቬምበር 23 ቀን 2022 ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 341 ሚሊዮን ሰዓት ታየ። እስከዚያ ቀን ድረስ በእንግሊዝኛ የተሠራ የኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ታይቶ አያውቅም። በ91 ቀን ውስጥ ደግሞ ከ250 ሚሊዮን በላይ እይታ አገኘ። ከዚያ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ይቺ ልጅ ድንገት ከየት መጣች?

ድንገት አልመጣችም። ያኔ 20 ዓመቷ ነበር፤ ሥራ ከጀመረች ግን 10 ዓመት ሆኗታል።

ስለነዚህ 10 ዓመታት ልጽፍ ያሰብኩት "በአንድ ቪዲዮ ሕይወቴ ተቀየረ" የሚለው ወሬ እኛም ጋ ስለበዛ ነው። የጄናን ታሪክ ከስር ስታዩት የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። አንዲት ልጅ በልጅነቷ ካሜራ ፊት ስትቆም የሥራ ሰዓቷን፣ ገንዘቧን፣ ምስሏን፣ ከአፏ የሚወጣውን ቃል ማነው የሚወስንላት? እሷ ላይ አንዳንዱ ጥበቃ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አልነበረም።

ጄና የተወለደችው በ2002 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮቼላ ቫሊ የሚባለው በረሃማ አካባቢ ነው። አዎ፣ ያ ትልቁ የሙዚቃ ፌስቲቫል የሚካሄድበት። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ናት። የአባቷ ቤተሰብ ከሜክሲኮ፣ የእናቷ ደግሞ ከሜክሲኮና ከፖርቶ ሪኮ ነው የመጣው። እናቷ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ቤተሰቡ ውስጥ ፊልም ሠሪ የለም፣ ሆሊዉድ የሚያውቅ ዘመድም የለም።

ስድስት ዓመቷ እያለ ዳኮታ ፋኒንግ የተወነችበትን "ማን ኦን ፋየር" አየችና "እኔም ተዋናይ ነው የምሆነው" አለች። እናትየው እምቢ አለች። ነገ ትረሳዋለች ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ልጅቷ ዓመታት ሙሉ ነዘነዘቻት። በመጨረሻ እናትየው ለብቻ የሚነገሩ የትወና ጽሑፎች ያሉበት መጽሐፍ ገዛችላት፣ አንዱን ስትጫወት ቀረጸቻትና ለጨዋታ ያህል ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ቪዲዮው ተዋናይ የሚመርጥ ሰው ጋ ደረሰ። በዚያ በር ተከፈተ።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል። "ያው በቪዲዮ አይደል እንዴ የጀመረችው?" ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ በቪዲዮ ነው። ግን ያ ቪዲዮ የሰጣት ዝና አይደለም፣ ለኦዲሽን የመቅረብ ዕድል ነው። ከቤታቸው እስከ ሎስ አንጀለስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ መልስ በሉት፣ እሱም መሄጃው ብቻ። የምታመላልሳት እናቷ ነበረች፣ ነርስነቷንና ሌሎቹን አምስት ልጆች ይዛ። ኦዲሽን ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "እናመሰግናለን፣ እንደውላለን" ተብሎ መመለስ ነው። ያውም ላቲና የሆነች ትንሽ ልጅ ስትሆን የሚመጣው ሥራ ትንሽ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዎቿን ብታዩ ትገረማላችሁ። 2012 ላይ "ሮብ" የሚል የሲቢኤስ ኮሜዲ ውስጥ ብቅ አለች። 2013 ላይ "አይረን ማን 3" ውስጥ አለች። አላያችኋትም አይደል? የምክትል ፕሬዚዳንቱ ልጅ ሆና አንድ አጭር ትዕይንት ላይ ትታያለች፣ ቃል አትናገርም። እዛው ዓመት "ኢንሲዲየስ 2" የሚባለው አስፈሪ ፊልም ላይ ትንሽ ቦታ አገኘች። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ "ጄን ዘ ቨርጂን" ላይ የዋናዋን ገጸ ባህሪ ልጅነት ተጫወተች። ዋናዋ ተዋናይት ጂና ሮድሪጌዝ ናት፣ ጄና ትዝታው ሲመጣ ብቻ ነው የምትታየው። እንዲህ ያለ ሥራ ማንም አያጨበጭብለትም። ግን ልጅ ሆነሽ ቀረጻ ቦታ መቆም፣ መብራቱ የት እንዳለ ማወቅ፣ ተመሳሳይ ነገር አሥር ጊዜ ደግሞ መሥራት የሚለመደው እዚያ ነው።

2016 ላይ ዲዝኒ ቻናል መጣ። "ስተክ ኢን ዘ ሚድል" የሚባል የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። ጄና ሃርሊ ዲያዝ ሆነች፤ ሰባት ልጆች ካሉበት ቤት መሃል ላይ የተወለደች፣ ዕቃ እየፈታች አዲስ ነገር የምትፈለስፍ ልጅ። እስከ 2018 ሦስት ሲዝን ሄደ። ስታርት 13 ዓመቷ ነበር፣ መሪ ተዋናይት። በዚሁ ጊዜ "ኤሌና ኦቭ አቫሎር" በሚባለው የዲዝኒ አኒሜሽን ላይ የልዕልት ኢዛቤል ድምፅ እሷ ነበረች።

ዲዝኒ ቻናልን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ከዚያ ቤት ማይሊ ሳይረስ፣ ሰሊና ጎሜዝ፣ ዴሚ ሎቫቶ፣ ዘንዳያ ወጥተዋል። ሁሉም ግን ከወጡ በኋላ አንድ ችግር ገጥሟቸዋል፦ ሰው እንደ ትንሽ ልጅ ነው የሚያያቸው። ልጅ ነሽ ተብሎ ከባድ ሥራ አይሰጥሽም፤ ልጅ አይደለሁም ብለሽ በኃይል ስትወጪ ደግሞ "ተበላሸች" ይባላል። የጄና አወጣጥ ነው ለእኔ በጣም የሚገርመኝ። ጮኻ አልወጣችም። ገጸ ባህሪዎቿን ቀስ በቀስ አጠቆረቻቸው።

2019 ላይ "ዩ" ሁለተኛው ሲዝን ላይ ኤሊ የምትባል ዕድሜዋ ትንሽ አፏ ግን የማይያዝ ልጅ ሆነች። ከዚያ "ዘ ፎልአውት" መጣ። ሜጋን ፓርክ የጻፈችውና ዳይሬክት ያደረገችው ፊልም ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ ይከፈታል፣ ቬዳ የምትባለው ተማሪ መጸዳጃ ቤት ተደብቃ ትተርፋለች። ፊልሙ ስለ ተኳሹ አይደለም። ተኳሹን አታዩትም። ስለተረፈችው ልጅ ነው፣ ከዚያ በኋላ አልጋዋ ላይ ተኝታ ስልኳን እያየች ስለምታሳልፋቸው ቀናት። በ2021 ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል ላይ ታላቁን የዳኞች ሽልማት ወሰደ። ገንዘብ የጎረፈበት ፊልም አይደለም፣ ግን ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች "ይቺ ልጅ ትችላለች" ያሉት በዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ 2022 ገባ። ጃንዋሪ ላይ አዲሱ "ስክሪም"፣ ማርች ላይ የታይ ዌስት "ኤክስ"፣ ኖቬምበር ላይ "ዌንስዴይ"። በአንድ ዓመት! ሰው "ድንገት" የሚለው ይህን ዓመት ብቻ ስላየ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰዓቱንና ገንዘቡን ማን ጠበቀላት? እናቷ አንድ ነገር ናት። ሌላው ሕግ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ9 ዓመት ጀምሮ 16 ያልሞላው ልጅ ትምህርት ባለበት ቀን ቀረጻ ላይ መሥራት የሚችለው 5 ሰዓት ብቻ ነው። 3 ሰዓት ይማራል፣ 1 ሰዓት ያርፋል። ቀረጻው ቦታ ላይ አስተማሪ መኖር አለበት። ከሚያገኘው ጠቅላላ ክፍያ ደግሞ 15 በመቶው 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወላጅም ሆነ ሌላ ሰው የማይነካው አካውንት ውስጥ ይገባል። ይሄ ሕግ "ኩጋን ሕግ" ይባላል፣ ስሙም ታሪክ አለው። ጃኪ ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር "ዘ ኪድ" ላይ የሠራው ትንሹ ልጅ ነው። በልጅነቱ ሚሊዮኖች ሠራ። ሲያድግ "ገንዘቤስ?" ብሎ ሲጠይቅ እናቱና የእንጀራ አባቱ ጨርሰውታል። ከሶ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በእጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። 1939 ላይ ሕጉ ወጣ።

እና ምን አለ መሰላችሁ? ይሄ ኩጋን ካደገ በኋላ በ1960ዎቹ "ዘ አዳምስ ፋሚሊ" በሚለው የቲቪ ኮሜዲ ላይ አጎት ፌስተርን ተጫወተ። መላጣውን፣ አምፖል አፉ ውስጥ ከትቶ የሚያበራውን ሰውዬ። የዌንስዴይን አጎት! ማለት፣ የልጅ ተዋናዮችን ገንዘብ የሚጠብቀው ሕግ የተሰየመው በዌንስዴይ አጎት ስም ነው። እኔ ይሄን ሳውቅ ስልኬን አስቀምጬ ነው የሳቅኩት።

ሕጉ ግን ለ80 ዓመት ያህል ፊልምና ቲቪ ላይ ያሉ ልጆችን ነው ሲጠብቅ የኖረው። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ በእናት በአባታቸው የሚቀረጹት ልጆችስ? ኢሊኖይ ግዛት ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለእነሱም ድርሻ ይቀመጥ አለች። ካሊፎርኒያም ሴፕቴምበር 2024 ላይ ሕጉን ወደ ሶሻል ሚዲያ ልጆች አሰፋችው፤ ሲፈረም የዲዝኒዋ ዴሚ ሎቫቶ አጠገብ ቆማ ነበር። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል። እናቱ ስልክ ይዛ "በል ሳቅ፣ በል ደግመህ ተናገር" የምትለው ልጅ ግን ተቀጣሪ አይደለም። ቪዲዮው ላይ የሚመጣው ጊፍት የማን ነው? እስቲ አስቡት።

ሰዓትና ገንዘብ እንግዲህ ሕግ አለው። ምስል ግን ያኔ ምንም አልነበረውም።

ኦገስት 2024 ላይ ጄና ለኒው ዮርክ ታይምስ ቃለ መጠይቅ ሰጥታ ነበር። ያለችው ነገር ከባድ ነው፣ በአጭሩ ልንገራችሁ። 12 ዓመቷ ሳለ ከፍታ ያየችው የመጀመሪያው የግል መልእክት ከማታውቀው ወንድ የተላከ የብልት ፎቶ ነበር። በ14 ዓመቷ፣ ተዋናይ ስለሆነች "ሊኖራት ይገባል" ተብሎ ትዊተር ከፈተች። እዚያ ያገኘችው የልጅነት ፊቷ ተቆርጦ የተሠራ ጸያፍ ነገር ነው። "ዌንስዴይ" ወጥቶ ስሟ ሲገን ደግሞ ባሰ፣ አካውንቱን አጠፋችው። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኤንቢሲ ኒውስ ሌላ ጉድ አወጣ፦ ሰውን በኤአይ "ልብስ የሚያወልቅ" አፕ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ከፍሎ ሲያስተዋውቅ የተጠቀመው የጄናን ምስል ነበር፣ ያውም 16 ዓመቷ ሳለ የተነሳችውን።

እንግዲህ አስሉት። ቀረጻ ቦታ ላይ በሰዓት የሚቆጣጠራት ሕግ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ እናት አለች። ቤት ገብታ ስልኳን ስታበራ ግን ማንም የለም። እና ስልኩን ያዢ ያላት ሥራው ራሱ ነው።

ይሄ ነገር እኛን የማይነካ እንዳይመስላችሁ። ነጻ ጋዜጠኛ ሆኜ ስዘዋወር አንድ ድራማ የሚያዘጋጅ ሰው ለኦዲሽን ስለመጣች ልጅ ሲያወራ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የጠየቀው "ስንት ፎሎወር አላት?" ብሎ ነው። ትችላለች ወይ የሚለው ሁለተኛ መጣ። እንዲህ ከሆነ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ተዋናይ መሆን ስትፈልግ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድነው? አካውንቷን ለሁሉም ክፍት ማድረግ።

አሜሪካ ሜይ 2025 ላይ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ሕግ ፈርማለች። ያለ ፈቃድ የተለቀቀ የእርቃን ምስል፣ በኤአይ የተሠራም ቢሆን፣ ተጎጂው ካመለከተ በ48 ሰዓት ውስጥ ኩባንያው ማንሳት አለበት። ጥሩ ነው። ለጄና ግን ከ14 ዓመቷ ስንት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ነው? ስምንት።

የመጨረሻው ቃል ነው። ስክሪፕት። እዚህ ላይ ጄና ራሷም ተወቅሳለች፣ ልክም ነው።

ማርች 2023 ላይ በዳክስ ሼፐርድ ፖድካስት ቀርባ "ዌንስዴይ" ላይ የማይመስላትን መስመር ጸሐፊዎቹን ሳትጠይቅ ትቀይር እንደነበር ተናገረች። ዌንስዴይ እንዲህ አትልም፣ ሁለት ወንዶች መሃል የሚያደርጋት የፍቅር ታሪክ አይሄድላትም የሚል ነው ሐሳቧ። የሆሊዉድ ጸሐፊዎች ተቆጡ። ጊዜው መጥፎ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሜይ 2፣ ጸሐፊዎቹ ሥራ አቆሙ። ክፍያችን ይስተካከል፣ ኤአይ አይተካን ብለው 148 ቀን መንገድ ላይ ቆዩ። የያዙት ወረቀት ላይ የጄና ስም እየተጻፈ መቀለጃ ሆነ። እሷም በኋላ ቃሌን በተሻለ መንገድ መጠቀም ነበረብኝ ብላለች።

የእኔ አስተያየት? ስክሪፕት ጸሐፊ ዝቅ ተደርጎ የሚከፈለው ሙያተኛ ነው፣ የሱን ሥራ በአደባባይ ማጣጣል ልክ አይደለም። ግን ልጅቷ ሮማኒያ ውስጥ ለወራት ሁሉም ትዕይንት ላይ ማለት ይቻላል ቆማ ሠርታለች። ቼሎ ተምራለች፣ ጀርመንኛ ተምራለች፣ ሻሞላ ተምራለች። ያንን ዳንስ ራሷ ነች ያቀናበረችው፣ በኮቪድ ምልክት ላይ ሆና የምርመራ ውጤት እየጠበቀች ነው የተቀረጸችው። (ይሄኛውን ብዙ ሰው እንደ ጀግንነት ያወራዋል፣ ለእኔ ግን የታመመችን ልጅ ማስደነስ ነው። ፕሮዳክሽኑ የኮቪድ ደንቡን ጠብቀናል፣ ውጤቱ ሲመጣ ከቀረጻ አውጥተናታል ብሏል።) ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው "ይሄ አባባል አይመስላትም" የማለት መብት የለውም ወይ? አለው። ችግሩ የምትልበት መደበኛ ወንበር ስላልነበራት ነው።

ወንበሩን አገኘች። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ፕሮዲዩሰር ሆነች፤ ስክሪፕት ቀድማ ታያለች፣ ስብሰባ ላይ ትገባለች። የፍቅር ታሪኩም ከዌንስዴይ ላይ ተነሳ። በጸሐፊዎቹም በተዋናዮቹም የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ዘግይቶ፣ አየርላንድ ውስጥ ተቀርጾ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር 2025 ላይ በሁለት ዙር ወጣ። ሌዲ ጋጋም ብቅ ብላበታለች፣ በቲክቶክ ዳንሱ ላይ የተጠቀማችሁበት ዘፈን የሷ አልነበር? ፊልሙ ላይ ያለው ዘፈን ግን የ"ዘ ክራምፕስ" ነው፣ የጋጋውን የለጠፈው ሕዝቡ ነው።

ሁሉም ምርጫዋ አልያዘላትም። ኖቬምበር 2023 ላይ "ስክሪም 7" ተወችው፤ ሜሊሳ ባሬራ ስለ ጋዛ በጻፈችው ምክንያት በተባረረች ማግስት ነው ዜናው የወጣው። ያኔ የጊዜ መጣበብ ነው ተባለ፣ 2025 ላይ ግን ራሷ ጄና ጉዳዩ ጊዜም ገንዘብም አይደለም፣ ሜሊሳና ዳይሬክተሮቹ ሲሄዱ ነገሩ ስለፈረሰ ነው አለች። "ቢትልጁስ ቢትልጁስ" ሲኒማ ቤቶችን ሞላ። ሜይ 2025 ላይ ደግሞ ከኛው አቤል ተስፋዬ፣ ከዘ ዊክንድ ጋር "ሃሪ አፕ ቱሞሮው" ላይ ሠራች። እኛ "የሀበሻ ልጅ!" ብለን ፖስተሩን ተቀባበልነው፣ ተቺዎቹ ግን አልማሩትም፣ ሲኒማ ቤትም ብዙ ሰው አልገባለትም። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ላይ ጥሩ የሆነችው እሷ ነች፣ አቤልዬ ዘፈኑ ላይ ይቆይልን።

ሦስተኛው ሲዝን ተፈቅዷል። እስኪመጣ ድረስ ማየት የምትፈልጉ "ዘ ፎልአውት"ን ፈልጉት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው የመጸዳጃ ቤቱ ትዕይንት ይከብዳል፣ ብቻችሁን ማታ አትዩት።